ለእያንዳንዱ ምልክት ምክንያት ነበረኝ

ስኳር እንዳለብኝ ያወቅኩት በ41 ዓመቴ ነው። ወደ ሕክምና የሄድኩት ግን ስኳር ጠርጥሬ አልነበረም። ዓይኔ ስለፈዘዘብኝ መነጽር ልቀይር ነው።

ውጤቱ የተነገረኝ ቀን ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ያለፉትን ስድስት ወራት ወደ ኋላ አሰብኩ። ምልክቶቹ በሙሉ ነበሩኝ። አንድ ላይ አድርጌ ግን አይቻቸው አላውቅም። በየተራ ሲመጡ ለእያንዳንዳቸው የሚያሳምን ምክንያት እሰጥ ነበር። ዝርዝራቸውን አንብቤ አላውቅም ማለት ደግሞ አልችልም። የምሠራበት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ሳይቀር ተለጥፎ አይቼዋለሁ። ግን ወረቀቱ ላይ «ከፍተኛ የውሃ ጥም» የተባለው ነገር እኔ ላይ ሲደርስ «ዛሬ ብዙ ተናገርኩ» የሚል ስም ነበረው። ስለዚህ ዝርዝሩን አልደግምላችሁም። ምልክቶቹ ቤት ውስጥ፣ ሥራ ላይ፣ አልጋ ላይ ምን እንደሚመስሉ ልንገራችሁ።

መምህር ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስናገር እውላለሁ። አፌ መድረቅ ሲጀምር ምንም አልደነቀኝም። አንድ ሊትር ተኩል የሚይዝ ጠርሙስ ይዤ መግባት ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ አንዱ ጠርሙስ ይበቃኝ ነበር። በኋላ ከሰዓት ሳይደርስ ሦስቴ እሞላዋለሁ። የሚገርመው ጥሙ በውሃ የሚቆርጥ አይነት አልነበረም። ጠጥቼ ጠርሙሱን ሳስቀምጥ ምላሴ ተመልሶ ከላንቃዬ ጋር ይጣበቃል። ውሃው አልቆርጥልኝ ሲል ወደ ለስላሳና ወደ ጭማቂ ሄድኩ። ለደቂቃ ደስ ይላል። ከዚያ ጥሙ ብሶ ይመጣል። አሁን ሳስበው እሳት ላይ ቤንዚን ነበር የማፈሰው።

ሌሊት ደግሞ ሽንት። አራት ጊዜ፣ አንዳንዴ አምስት ጊዜ እነሳለሁ። ባለቤቴ «ምን ሆነሽ ነው?» ሲለኝ «ብዙ ውሃ እየጠጣሁ ነዋ» እለዋለሁ። ሁለታችንም በዚህ ረክተን እንተኛለን።

ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነበር። ብዙ የምሸናው ብዙ ስለጠጣሁ አልነበረም። ብዙ ስለምሸና ነበር የምጠማው። ሐኪሜ ይህን ሲያስረዳኝ ነው ብዙ ነገር የበራልኝ። ኩላሊት ደምን ሲያጣራ ስኳሩን መልሶ ወደ ደም ይሰበስበዋል። አቅሙ ግን ወሰን አለው። በብዙ ሰው ላይ ይህ ወሰን በዴሲ ሊትር ደም 180 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ስኳሩ ከዚያ ሲያልፍ የተረፈው ወደ ሽንት ይፈስሳል። ስኳር ደግሞ ብቻውን አይወጣም፤ ውሃ እየጎተተ ነው የሚወጣው። ሰውነት ይደርቃል፤ አንጎል «ውሃ!» ብሎ ይጮኻል።

ይህን ማወቅ አንድ ሌላ ከባድ ነገር አሳየኝ። በባዶ ሆድ ሲለካ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ነው ይባላል። ሽንት የሚያበዛው ግን 180 አካባቢ ሲደርስ ነው። ስለዚህ በነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለ ሰው በሽታው አለበት፣ ግን ላይጠማው፣ ሌሊት ላይነሳ፣ ምንም ላይሰማው ይችላል። እንዲህ ሆኖ ዓመታት የሚኖር ሰው ብዙ ነው። ዓይንና ኩላሊት፣ ነርቭና የደም ሥር ግን በዚያ ጊዜ ሁሉ ይጎዳሉ። የውሃ ጥም የመጀመሪያው ደወል ይመስለን ይሆናል። ዘግይቶ የሚመጣ ነው። ለዚህ ነው ጥሙ ከጀመራችሁ «እስኪ ትንሽ ልየው» እንዳትሉ የምለምናችሁ።

ስለ ሽንቱ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ይምታታበታል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ቶሎ ቶሎ ያስሮጣል፣ የሚወጣው ግን ጥቂት ነው፣ ያቃጥላልም። ዕድሜያቸው የገፋ ወንዶች ፕሮስቴት ሲያስቸግራቸው ደግሞ ሽንቱ ደክሞ፣ እየተቆራረጠ ነው የሚወርደው። የኔው ግን በየጊዜው ፊኛዬ ሞልቶ ነበር የምነሳው። ብዙ ነው። ምንም አያቃጥልም። ልዩነቱን ያኔ አላወቅኩትም።

ከዚያ መክሳት መጣ። ይህኛው እንዲያውም አስደስቶኛል።

በአራት ወር ውስጥ 8 ኪሎ ቀነስኩ። አመጋገቤን አልቀየርኩም። እንዲያውም ረሃቡ ጨምሮብኝ ነበር፤ በልቼ ከተነሳሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሌላ ነገር ፍለጋ እገባለሁ። ግን ልብሴ ሰፋ። የሥራ ባልደረቦቼ «አማረብሽ! ምን ተጠቅመሽ ነው?» ይሉኛል። እኔም በእግር መሄድ ስለጀመርኩ ነው እላለሁ። በእርግጥ እሄድ ነበር፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም ከቀናኝ። በአንድ ቀን የእግር ጉዞ 8 ኪሎ እንደማይወርድ ልቤ ያውቃል። ግን ሙገሳ ደስ ይላል። ቀጠንሽ የሚልን ሰው «ይህ ነገር በሽታ ይሆን?» ብዬ የምመልስበት አንደበት አልነበረኝም።

አሁን የገባኝ ይህ ነው፦ ስኳር ከደም ወደ ሴል እንዲገባ ኢንሱሊን ያስፈልጋል። ኢንሱሊን የሚሠራው ቆሽት ነው። ኢንሱሊኑ ሲያንስ ወይም ሰውነት አልታዘዝ ሲለው ደሙ በስኳር ተሞልቶ ሳለ ሴሉ ይራባል። ሰውነት ታዲያ ስቡንና ጡንቻውን ማቃጠል ይጀምራል። እየበሉ መክሳት ማለት ይህ ነው። እባካችሁ፣ ሳይፈልግ የከሳ ሰው ስታዩ አታሞግሱት። ጠይቁት።

ድካሙን ብዙ አላወራም። ድካም ሁሉም ሰው አለው። የኔን ለየት ያደረገው ተኝቼም አለመልቀቁ፣ በተለይ ደግሞ ከምሳ በኋላ መባሱ ነው። ከሰዓት ክፍል ገብቼ ጠረጴዛ ተደግፌ ማስተማር ጀምሬ ነበር።

ቀጥሎ ያለውን ለመጻፍ አመንትቻለሁ። ብዙ ሴት ስለምትደብቀው ግን እጽፈዋለሁ። ብልቴ አካባቢ ማሳከክ ጀመረኝ። ፋርማሲ ሄጄ ቀስ ብዬ ለባለሙያዋ ነገርኳት፣ የፈንገስ ክሬም ሰጠችኝ፣ ተሻለኝ። ወር ሳይሞላ ተመለሰ። ሌላ ክሬም። እንደገና ተመለሰ። በአምስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ። ለዚህም ምክንያት ነበረኝ፤ ሳሙናው ነው፣ የውስጥ ልብሱ ጨርቅ ነው። ስኳር የበዛበት ሽንትና ፈሳሽ ለፈንገስ ግብዣ መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም። አንድ ጊዜ የመጣ ፈንገስ የስኳር ምልክት ነው ማለት አይደለም፤ ጤነኛ ሴትንም ይይዛል። እየተመላለሰ አልለቅ ካለ ግን ክሬም መቀየር ትታችሁ ለስኳር ምርመራ ደም ስጡ። ወንዶችም ላይ የብልት ጫፍ መቅላትና ማሳከክ ሆኖ ይመጣል። የድድ ቁስል፣ ብጉንጅ፣ ቶሎ የማይድን ቁስልም ከዚሁ ወገን ናቸው።

ዓይኔ የፈዘዘው በመጨረሻ ነው። ከኋላ የተቀመጡ ተማሪዎችን ፊት መለየት አቃተኝ። ዕድሜ ነው አልኩ። አንድ ቦታ ተለካሁ፣ መነጽር አሠራሁ፣ ምንም አልጠየቁኝም። በሦስት ሳምንቱ መነጽሩ ራሱ አላሳይ አለኝ። አንድ ቀን ደህና፣ አንድ ቀን ጭጋግ። ተናድጄ ሌላ ቦታ ሄድኩ። ባለሙያው ለካኝ፣ የድሮውን ወረቀት አየ፣ እንደገና ለካኝ። ከዚያ ቀና ብሎ «በቅርቡ ስኳርዎን ተመርምረው ያውቃሉ?» አለኝ። ቀጥሎ «ሌሊት ለሽንት ይነሳሉ?» አለኝ። ሆዴ ፈራ።

ስኳሩ ሲበዛ የዓይን ሌንስ ውስጥ ፈሳሽ እየገባ ቅርጹን ይቀይረዋል። ስለዚህ ነው የመነጽር ቁጥር በሳምንታት ውስጥ የሚዋዥቀው። ዕድሜ እንዲህ አያደርግም። ዕድሜ ቀስ ብሎ፣ በዓመታት ነው የሚሠራው። ሕክምና ከጀመርኩ በኋላ እንደገና ለጥቂት ሳምንታት ፈዘዘብኝና ደነገጥኩ፤ ሌንሱ ወደ ቦታው እየተመለሰ ነበር። ያንን መነጽር ዛሬ አላደርገውም። ስኳራችሁ ገና ሳይረጋጋ ለአዲስ መነጽር ገንዘብ አታውጡ።

ያኔውኑ ሄጄ ጣቴን ተወጋሁ። 341። በማግስቱ በባዶ ሆድ 268። የሦስት ወር አማካዩን የሚያሳየው ምርመራ፣ ኤዋንሲ የሚሉት፣ 11.2 በመቶ።

ቁጥሮቹ ምን ማለት እንደሆኑ ላስቀምጥላችሁ፤ እኔ ያኔ የሚያስረዳኝ ፈልጌ ነበር። ለስምንት ሰዓት ያህል ምግብ ሳይቀመስ ሲለካ ከ100 በታች ጤነኛ ነው። 126 እና ከዚያ በላይ ስኳር ነው። በመካከል ያለው የማስጠንቀቂያ ቀጠና ነው። ኤዋንሲ 6.5 እና ከዚያ በላይ ስኳር፣ ከ5.7 እስከ 6.4 ማስጠንቀቂያ። ምልክት ያለው ሰው በማንኛውም ሰዓት ተለክቶ 200 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ይበቃል። ምልክት የሌለው ሰው ግን በአንድ ውጤት ብቻ ስኳር አለብህ አይባልም፤ ይደገማል። ውጤታችሁ 7 ወይም 15 የሚል ከሆነ መለኪያው ሌላ ነውና አትደናገጡ፤ ቁጥሩን በ18 ስታባዙት እዚህ ከጻፍኩት ጋር ይገጥማል። ኤዋንሲ ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ እሱ በመቶኛ ነው። የደም ማነስ ያለበት ሰው ደግሞ ኤዋንሲው ሊያሳስት ስለሚችል ለሐኪሙ ይናገር። በጣት ስትለኩ መጀመሪያ እጃችሁን ታጠቡ። ፍራፍሬ የነካ ጣት የሌለ ስኳር ያሳያል።

ሐኪሜ ታሪኬን ሲወስድ አንገቴን አየ። ከኋላ በኩል ቆዳዬ ጠቁሮ፣ ወፈር ብሎ፣ እንደ ከፋይ ሆኖ ነበር። ዓመታት ሆኖታል። እድፍ መስሎኝ በሳሙና እስኪቆስል ድረስ ፈትጌዋለሁ። በብብቴም ነበር። ይህ እድፍ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ ሲል፣ ቆሽት ደግሞ አብዝቶ ሲያመርት የሚመጣ ነው። ስኳር ከመያዙ ከዓመታት በፊት ሊታይ ይችላል፤ በወጣቶችና በልጆች ላይም። ልጃችሁ አንገት ላይ ካያችሁት «በደንብ ታጠቢ» ብላችሁ አትቆጧት።

ከዚያ «በእርግዝና ጊዜ ስኳር ነበረብሽ?» አለኝ። ነበረብኝ። ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ ስኳሬ ከፍ ብሎ ነበር። ልጄ 4.2 ኪሎ ሆና ተወለደች። ከወለድኩ በኋላ ተመልሼ እንድመረመር ተነግሮኝ ነበር። አልተመለስኩም። ሕፃን ይዤ፣ እንቅልፍ አጥቼ፣ «ከእርግዝናው ጋር ሄዷል» ብዬ ተውኩት። ዘጠኝ ዓመት።

ይህ ነው ከሁሉም የሚቆጨኝ። በእርግዝና ስኳር የነበረባት ሴት ከወለደች ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ መመርመር አለባት። ደህና ብትሆንም በየአንድ እስከ ሦስት ዓመቱ። ያኔ ማስጠንቀቂያው ቀጠና ላይ ብገኝ ብዙ ማድረግ ይቻል ነበር። በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት በዚያ ቀጠና ያሉ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ክብደታቸውን በ7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የሠሩት፣ ይህ ካልተደረገላቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ወደ ስኳር በሽታ የመሄድ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። በቀን ከሃያ ደቂቃ ትንሽ ከፍ ያለ የእግር መንገድ ማለት ነው። እናንተ ገና እዚያ ከሆናችሁ፣ እባካችሁ።

እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም እህት ስኳር ካለባቸው፣ ወገባችሁ ከሰፋ፣ ደም ግፊት ካለባችሁ፣ ምልክት አትጠብቁ። ሂዱና ተለኩ። ስቴሮይድ የሚባሉ መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ የምትወስዱም እንዲሁ። እግራችሁን ጉንዳን የሚወረው ከመሰላችሁ፣ ሌሊት ውስጥ እግራችሁ ካቃጠላችሁ ወይም መሬቱ ጥጥ ጥጥ ካላችሁ፣ ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። እኔ እዚህ አልደረስኩም ነበር። ለዚህ አመስጋኝ ነኝ።

ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን ጀመርኩ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኢንሱሊንም ጭምር። ሽንቱ በአንድ ሳምንት ቀነሰ። ይህን ሁሉ ካለፍኩ በኋላ ስኳርን በደንብ የማውቀው መስሎኝ ነበር።

በሁለት ዓመቱ የወንድሜ ልጅ አልጋ ላይ መሽናት ጀመረ። 9 ዓመቱ ነበር። ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ ደረቅ የሚያድር ልጅ ነው። ቤት ውስጥ አዲስ ሕፃን ተወልዶ ስለነበር «ቀንቶ ነው» ተባለ። ፍራሽ ሲያጥቡ ከረሙ፣ አባቱም ተቆጣው። ከሳ፤ «ቁመት እየጨመረ ነው» ተባለ። ውሃ ያበዛል፤ «ሙቀቱ ነው»። የኔው ታሪክ ነበር፣ በስድስት ወር ፋንታ በሦስት ሳምንት ውስጥ። በስልክ ሲነግሩኝ እኔም አልነቃሁም። ስኳር በአእምሮዬ የትልቅ ሰው በሽታ ነበር።

ከዚያ አስመለሰው፣ ሆዱን ቆረጠው። አንድ ቦታ ወሰዱት፣ የሆድ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጠው። በማግስቱ ልጠይቀው ሄድኩ። ተኝቶ ነበር። አተነፋፈሱ ጥልቅና ፈጣን ነበር፣ እንደሮጠ ሰው፤ ግን ሳል የለውም፣ ትኩሳት የለውም። ጎንበስ ብዬ ስስመው ትንፋሹ ከመጠን በላይ የበሰለ ፍራፍሬ ይሸታል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታም አለበት። ስሙን ስጠራው ዓይኑን ገልጦ ተመልሶ ጨፈነ።

መለኪያዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አዲስ መርፌ ቀይሬ ጣቱን ወጋሁት። መሣሪያው ቁጥር አላወጣም። ከሚለካው በላይ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ብቻ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች 600 ላይ ያበቃሉ።

ጫማውን ሳናደርግለት ነው ይዘነው የወጣነው።

የልጆች ስኳር በአብዛኛው ዓይነት 1 የሚባለው ነው። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሴሎች ያጠፋል። ኢንሱሊን ሲጠፋ ሰውነት ስብ ሲያቃጥል ኪቶን የሚባል አሲድ በደም ይሞላል። ትውከቱ፣ የሆድ ቁርጠቱ፣ ጥልቅ ትንፋሹና የፍራፍሬው ሽታ ከዚያ ነው የሚመጡት። ይህ ለነገ የሚቀጠር አይደለም። በሰዓታት የሚቆጠር ነው። ሲያስመልሰው እንኳ ሽንቱ አልቀነሰም ነበር፤ ተቅማጥም አልነበረውም። የሆድ ሕመም ይዞት ፈሳሽ የሚያጣ ልጅ ሽንቱ ይቀንሳል። ይህ ልዩነት ያኔ ቢታወቀን ኖሮ አንድ ቀን እናተርፍ ነበር።

ስለዚህ ልጅ ይዛችሁ ስትሄዱ «አስመለሰው» ብላችሁ ብቻ አታቁሙ። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገሩ፦ ውሃ ያበዛል፣ ሽንት ያበዛል፣ አልጋ ላይ መሽናት ጀምሯል፣ ከስቷል፣ ደክሞታል። ከዚያ «እባካችሁ ጣቱን ውጉልኝ» በሉ። የሚፈጀው ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። ካልሰሟችሁ ድገሙት።

እናቱ ኮሪደር ላይ «ጣፋጭ አብዝቼለት ነው» እያለች ታለቅስ ነበር። ሐኪሟ አጠገቧ ቁጭ ብላ አይደለም አለቻት። ዓይነት 1 በጣፋጭ አይመጣም። የማንም ጥፋት አይደለም። ይህን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግማ ነገረቻት፣ እኔም በየቀኑ እነግራታለሁ። አንዲት እናት ይህን ጽሑፍ ካነበበች ለእሷም ነው።

ሁለት ቀን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ቆየ። በሦስተኛው ቀን ውሃ ሳይሆን ኳሱን ጠየቀ። ኢንሱሊን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። ኢንሱሊን ለሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በጥር 1922 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ቶሮንቶ ውስጥ፣ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያሉ ልጆች አይተርፉም ነበር። አልጋው አጠገብ ሆኜ ይህን ሳስብ ነው ያደርኩት።

ቤት ከገባ በኋላ ጠዋት ጠዋት ወንድሜ የስኳሩን ቁጥር በስልክ ይነግረኛል። በመጀመሪያው ጠዋት ግን ቁጥሩን አልነገረኝም። «አልጋው ደረቅ አደረ» ነው ያለኝ።